የማንያህልሻል ክርን

ሀገሩ የት ነው ብላችሁ አታድክሙኝ። ካርታ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ጊዜ መጥተው ነበር፤ ጉሙ ውስጥ ለካርታ የሚሆን አንዳች ነገር ስላላዩ ባዶ ወረቀታቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። እኛም ደህና ግቡ አልናቸው፤ በየት በኩል እንደሄዱ ግን አላየንም።

በከተማችን ጉም ጠዋት ከሰው ቀድሞ ይነሳል፣ ማታ ከሰው ኋላ ይተኛል። ከደጅ የወጣ ሰው በአንድ እጁ ፋኖስ፣ በሌላው መንገድ የሚዳብስበት ዘንግ ስለሚይዝ ለሰላምታ የሚተርፍ እጅ የለውም። ስለዚህ ሰላምታችን በክርን ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ ክርን ለክርን ይነካካሉ፣ ትንሽ ያሻሻሉ፣ ከዚያ «እገሌ ነህ?» «ነኝ» ተባብለው ይተላለፋሉ። የኛ ሰው ፊት ይረሳል፤ ክርን ግን አይረሳም። ውል የተዋዋለ ክርኑን በሰም ላይ ያትማል። ምስክር የቆመ ክርኑን ከፍ አድርጎ ይምላል። ሰርግም ሲሆን የሁለቱ እናቶች ክርን በሰው ፊት ካልተጋጠመ ጋብቻው እንደ ጉሙ ነው፤ ይታያል እንጂ አይያዝም።

ለዚህ ሁሉ የሚቆረቆር አንድ የክርን ሹም አለን። መቀስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ ክርን የሚሸፍን እጅጌ ካገኘ እዚያው ይቆርጣል። ብርድ ነው የሚለው ሰው ሲያጋጥመው፣ በክርኑ እየታወቀ በብርድ የሞተ ሰው ተሸፍኖ እንግዳ ሆኖ ከኖረ ይሻላል ይለዋል። ይህን ሲል አይስቅም።

ማንያህልሻል በዚህች ከተማ ጧፍ ትሠራለች። የጥጥ ፈትል በሰም እያሻሸች የምታወጣው ጧፍ በየፋኖሱ ውስጥ ይነዳል፤ በጉም መካከል የሚንቀሳቀስ ብርሃን ሁሉ ከሷ እጅ የወጣ ነው። ባሏ በሞተበት ክረምት፣ ልጇ ስመኝ ገና ስትታቀፍ፣ ጉሮሮዋን ታመመች። ጉሮሮዋ ሲሻላት በሁለቱም ክርኖቿ ላይ ሳንቲም የሚያህል ቀይ ነገር ወጣ። ቀዩ ሰፋ፣ ወፈረ፤ በላዩም እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ነጭ ነገር ደረበ። ያሳክካል። ስታከው ይረግፋል፤ ከረገፈበት ሥር ነጠብጣብ ደም ብቅ ይላል፤ በማግስቱ ቅርፊቱ የባሰውን ወፍሮ ይጠብቃታል።

ጎረቤት ምክር አያልቅበትም። አንዳንዱ «እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ብሎ እንድታክ መከራት። ሌላው ቆሻሻ ነው አለና የወንዝ ድንጋይ አመጣላት፤ በድንጋይ ፈገፈገችው። ድንጋዩ በነካበት፣ ጥፍሯ በጫረበት ሁሉ አዲስ ቅርፊት ወጣ። መካሪዎቿ ይህን አይተው ተመካከሩና ድንጋዩ ቢያንስባት ነው ብለው ትልቅ ድንጋይ አመጡላት።

በመጨረሻ የክርን ሹሙ መጣ። ክርኗን በዘንጉ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ከሩቅ ሀገር ሰው ጋር ሰላም ተባብላ ተጋብቶባት ነው አለ። ማንያህልሻል የሩቅ ሀገር ሰው አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። ሹሙ በዚህ ጉም ማን ማንን ያያል ብሎ መለሰላት፤ የተሰበሰበውም ሰው ምላሹን ወደደለት። በሕጋችን ክርኑ የተሰበረ ሰው እስኪጠገን ድረስ ወኪል ይቆምለታል። ሹሙም በዚሁ ሕግ ፈረደ፤ የማንያህልሻል ክርን እስኪድን በእጅጌ ይሸፈን፣ ሰላምታዋንም ወኪል ያድርስላት።

ወኪል የሆነችው ጎረቤቷ ታንጉት ናት። ታንጉት መውለድ ሳይሆንላት የቀረች፣ ሳቂታ፣ ሰው የምትወድ ሴት ነበረች፤ ክርኗም እንደ ሊጥ ልስልስ ያለ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንያህልሻል ገበያ ስትወጣ ታንጉት አንድ እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች። ሰው ሲገጥማቸው ታንጉት ክርኗን ትሰጣለች።

«ማንያህልሻል ነሽ?»

«ነኝ» ትላለች ታንጉት፤ ሕጉ እንደዚያ በይ ይላልና።

ማንያህልሻልም ከኋላ ቆማ ስለራሷ ደህንነት ትሰማለች። መጀመሪያ አካባቢ ሁለቱም ቤት ገብተው በዚህ ይስቁ ነበር። ታንጉት ቀልደኛ ስለሆነች መንገደኛው ከሰላምታ አልፎ ጨዋታ ይጀምራል፤ ማንያህልሻል እንዲህ ተጫዋች መሆኗን ድሮ አላወቅንም ነበር ይላል። ለልቅሶ ጠሯት፣ ሄደች። ለክርስትና ጠሯት፣ ሄደች። የጧፍ ውል ሲታደስ ማንያህልሻል ያቀለጠችው ሰም ላይ የታንጉት ክርን ታተመ። ከጊዜ በኋላ ማንያህልሻል ከኋላ መከተሉን ተወችው፤ ሳትሄድም ቢሆን ሄዳለችና።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነበር። ታንጉት ማታ ማታ እየመጣች ቅቤና ሰም አቅልጣ የማንያህልሻልን ክርኖች በእጇ ታሻለች። ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ መሰንጠቁ ይታገሳል። ስመኝ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጉንጯን እናቷ ክርን ላይ ካላሳረፈች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ሆነች። አንድ ቀን ታንጉት ላስተኛት ብላ ክርኗን ብትሰጣት ልጅቷ ዳብሳ ዳብሳ ጮኸች። ታንጉት በዚያ ቀን አልሳቀችም።

ዓመታት በዚህ ሁኔታ አለፉ። ስመኝ አድጋ ለዳር የምትፈለግ ልጃገረድ ሆነች። ቅርፊቱ አንዳንዴ ይሳሳል፣ አንዳንዴ ወደ ጉልበትና ወደ ራስ ቅል ይዛመታል፤ ጥፍሯም በመርፌ የተወጋ ይመስል ነቁጥ በነቁጥ ሆነ። ማንያህልሻልን ከማሳከኩ የበለጠ ያደከማት ግን ሐሳቡ ነበር። ጧፍ እያሻሸች፣ በማን ሰላምታ ነው ያመጣሁት ትላለች። የነካቻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ታስታውሳለች። የሞተውን ባሏን ሳይቀር ጠርጥራ፣ ቆይታ ይቅርታ ጠይቃዋለች።

አንድ ቀን በጋው ሊገባ ሲል፣ ጉሙ እንደ ወተት በረጋበት ሰዓት፣ መንገድ የጠፋው ሰው ደጃፏ ላይ ተደናቅፎ ወደ ውስጥ ወደቀ። እንዳይወድቅ ብላ ስትይዘው እሱም ያዛት፤ የያዘው ክርኗን ነበር። እጅጌዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ማንያህልሻል እጁን እስኪሰበስብ ጠበቀች። ሰውየው አልሰበሰበም፤ እንዲያውም ወደ ጧፉ ብርሃን አስጠግቶ ተመለከተው። ከታንጉትና ከልጇ በቀር ክርኗን የነካ ሰው ከስንት ዓመት ወዲህ አልነበረም።

የቆዳ ሐኪም መሆኑን ነገራት። የመጻሕፍት ሰዎች ይህን በሽታ ሶሪያሲስ ይሉታል፤ በየሀገሩ ብዙ ሰው ላይ አለ፤ በብዙ ሰው ላይ ከዘር የመጣ ዝንባሌ ይኖራል፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም አላት።

«ሹሙ ይተላለፋል ብሏል» አለች።

«ሹሙ ሐኪም ነው?»

«ሹም ነው።»

ሐኪሙ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ገላዎ ከተማ ነው እንበል» አላት። «ከተማው ዘበኛ አለው። ዘበኛው አንድ ቀን በርግጎ፣ ጠላት ሳይኖር ጠላት መጣ ብሎ መለከት ነፋ። ግንበኞቹ መለከቱን ሰምተው መገንባት ጀመሩ። ቆዳ በወር የሚያደርሰውን እነሱ በጥቂት ቀን ያደርሱታል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርስበታል፤ ይኸው ይደራረባል።»

ማንያህልሻል ክርኗን ተመለከተችው። «በድንጋይ ስፈገፍገውስ?»

«ዘበኛው ምን የሚል ይመስልዎታል?»

«ጠላት መጣ ይላላ።»

«እንግዲህ እርስዎው ነገሩኝ።»

ዘበኛውን የሚያስበረግገውን ነገር ዘረዘረላት፤ ብርድ፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ጭረት፣ ጭንቀት። ቅባት የተቀላቀለበት መድኃኒት ሰጣትና በየቀኑ እንድትቀባ፣ ፀሐይ ባለበት ቦታ ሳያቃጥላት ለጥቂት ጊዜ እንድትቀመጥ መከራት። ጠዋት ስትነሳ የጣቷ መገጣጠሚያ ካበጠና ከተሳሰረ ዝም እንዳትል፣ ሐኪም እንድትፈልግ አስጠነቀቃት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ እሷም ተረተችለት፤ እጅጌዋን እያየች ነበር የተረተችው።

ከዚያ የምትፈራውን ጠየቀች። «መቼ ነው የሚለቀኝ?»

«እንግዳ ቢሆን ይሄዳል እልዎት ነበር» አለ ሐኪሙ። «ይህ ደባል ነው። እስካሁን ጨርሶ የሚያወጣው አልተገኘም። ጠባዩን ካወቁለት ግን ድምፁን አጥፍቶ የሚኖርበት ጊዜ አለ፤ ወጥቶ የሚሰነብትበትም ጊዜ አለ። ሲመለስ አይደንግጡ። በጥፋትዎ አይደለም የሚመለሰው።»

ማንያህልሻል አለቀሰች። በሽታው የማይለቅ መሆኑን ስለሰማች መስሎት ሐኪሙ ሊያጽናናት ጀመረ፤ እሷ ግን ያለቀሰችው በጥፋትዎ አይደለም ስላላት ነበር። መንገዱን ስታሳየው ጧፍ ሰጠችው። ብርሃኑ ጉሙ ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ ደጃፏ ላይ ቆመች።

ከከተማችን በላይ አንድ ኮረብታ አለ። ጉሙ እዚያ አይደርስም። የኛ ሰው ግን አይወጣበትም፤ ፊት ለፊት መተያየት ያሳፍራል ይላል። ማንያህልሻልና ስመኝ ያን በጋ ኮረብታውን ለመዱት። እጅጌዋን ሰብስባ ትቀመጣለች፤ ከሥራቸው ከተማው ነጭ ባሕር ሆኖ ይተኛል፤ በባሕሩ ውስጥ የሷ ጧፎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ስመኝ እናቷን በፀሐይ አይታት ስለማታውቅ እየደጋገመች ታያታለች። እዚያ ላይ ሆነው የወይዘሮ አሰገደች ልጅ ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ እሷም እንደምትወደው ነገረቻት። ማንያህልሻል ተደሰተች፤ ወዲያውም የእናቶቹ ክርን መጋጠም ትዝ አላት።

በጋው ሳያልቅ ቅርፊቱ ረገፈ። ከሥሩ የወጣው ቆዳ ለስላሳ፣ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነበር። ማንያህልሻል በደስታ ወደ ሹሙ ሄደችና፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ክርኗን ራሷ ሰጠች። ሹሙ ዓይኑን ጨፍኖ አሻሸው፣ እንደገና አሻሸው።

«ማን ልበል?» አላት በትሕትና።

«ማንያህልሻል ነኝ፤ ዳንኩ።»

«ማንያህልሻልንማ አውቃታለሁ፤ ትናንት ገበያ ላይ ሰላም ብያታለሁ» አለ። በሰም የታተመውን ክርን አስመጥቶ ከክርኗ ጋር አስተያየ። አይገጥምም። ሹሙ አልተቆጣም፤ ወደ ከተማችን እንኳን ደህና መጡ፣ የሚያድሩበት አለዎት ወይ ብሎ ጠየቃት። ታንጉት ተጠርታ መጣችና እውነቱን ተናገረች። ሹሙ ሰምቶ፣ ወኪል የተወከለለትን ማንነት በአፉ ሊመልስ እንደማይችል፣ ክርን አንዴ ከታወቀ እንደታወቀ መሆኑን አስረዳ።

ክረምቱ በብርድ ገባ። የሰርጉ ቀን ተቆረጠ፤ ማንያህልሻልም ሌሊቱን በሐሳብ፣ ቀኑን በጧፍ ሥራ አሳለፈች። ከዕለታት በአንዱ ጠዋት ክርኗ ቀላ። ቀጥሎ ነጩ መጣ። ሐኪሙ አይደንግጡ ብሏት ነበር፤ ደነገጠች። ቢሆንም ድንጋይ አላነሳችም። ቅባቷን አወጣችና ቀባች።

ታንጉት አጠገቧ ተቀምጣ እንደልማዷ ስታሻት ቆየች። ከዚያ ሳታያት ተናገረች።

«በሰርጉ አንቺ ቁሚ እልሽ ነበር። ግን አንዳንድ ቀን ልጄን ልድር ነው እያልኩ ለብቻዬ አወራለሁ። እንዲህ ነው የለመድኩት ማንያህል፤ ሰው ሲጠራኝ ባንቺ ስም ነው ቶሎ የምዞረው።»

«አውቃለሁ» አለች ማንያህልሻል።

«አልተቀየምሽኝም?»

«ተቀይሜሻለሁ። ደግሞም ያላንቺ እጅ አላድርም።»

 ማንያህልሻል ሰርጉ እንዳይበላሽ ብላ ታንጉት በቦታዋ እንድትቆም ወሰነች። ለስመኝም ነገረቻት። ስመኝ የሰርግ ልብሷን እየሰፋች ነበር፤ ቀና ብላ አየቻትና መስፋቷን ቀጠለች።

የሰርጉ ዕለት ጉሙ ቤት ድረስ ገባ። ማንያህልሻል ቤት እቀራለሁ ብላ ነበር፤ እግሯ ግን አልሰማትም። እጅጌዋን ለብሳ ከሕዝቡ ኋላ ቆመች። ከሰው ይልቅ ፋኖስ ነበር የሚታየው። በልማዳችን ሙሽራዋ ፊቷ በነጠላ ተሸፍኖ ትመጣለች፤ መጀመሪያ የእናቷን ክርን ትነካለች፣ «እናቴ ናት» ትላለች፣ ከዚያ እናቶቹ ክርን ያጋጥማሉ። ሹሙ ታንጉትን ወደ ፊት አቆመ። ስመኝ ክርኗን ዘረጋች፤ የታንጉት ልስልስ ክርን ነካት።

«ይሄ የእትዬ ታንጉት ነው» አለች ስመኝ። «እናቴስ?»

ፋኖሶቹ ሁሉ ወደ ሙሽራዋ ዞሩ። ሹሙ እያባበለ፣ ይህ የማንያህልሻል ክርን ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰም ያውቀዋል አላት።

«የእናቴ ክርን ሸካራ ነው» አለች ስመኝ። «ልጅ ሆኜ ካልነካሁት አልተኛም ነበር። እሱ ካልመጣ አላገባም።»

ማንያህልሻል ጉሙ ውስጥ ሆና ይህን ሰማች። በዚያች ቅጽበት መሸሽም ትችል ነበር፤ ማንም አያያትም። እጅጌዋን ሰበሰበችና በፋኖሶቹ መካከል አለፈች። ሰው በድንጋጤ መንገድ ለቀቀላት። ክርኗ ያን ቀን ከመቼውም ብሶበት ነበር፤ ቀይ፣ ነጭ፣ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ። ስመኝ ነካችው። ዳብሳ ዳብሳ ነጠላዋን እንደተከናነበች ጉንጯን አሳረፈችበት።

«እናቴ ናት» አለች።

አሁን ቀሪው የወይዘሮ አሰገደች ክርን ነበር። ወይዘሮ አሰገደች የሙሽራው እናት ናት፤ ጨዋ፣ ልጇን የምትወድ፣ ስለዚህም የምትፈራ። ክርኗን በሌላው እጇ ሸፍና ቆመች። ሹሙ ተጋቦት አለበት ብሎ ጮኸ። ከሕዝቡም ወደ ኋላ ያልሸሸ አልነበረም። ያን ጊዜ ታንጉት ተናገረች።

«እኔ ይህን ክርን ልጅቷ ከምትታቀፍበት ጊዜ ጀምሮ በባዶ እጄ አሽቻለሁ። በማግስቱ እየወጣሁ ሰላም የምላችሁ እናንተን ነው። የሚጋባ ቢሆን ያልተጋባበት ማን ይቀር ነበር?»

እዚህ ላይ የሆነውን እኔም ስለነበርኩበት ልንገራችሁ። ከተማው በሙሉ ፋኖሱን አጎንብሶ የየራሱን ክርን መፈተሽ ጀመረ። ለረጅም ጊዜ ከእጅ መፋተግ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ሹሙም መቀሱን ወደ ጀርባው አዙሮ የራሱን ፈተሸ፤ እኔም ፈተሽኩ። አንዳችም አላገኘንም። ብናገኝ ኖሮ ከምናፍረው ይልቅ ማጣታችን አሳፈረን።

ወይዘሮ አሰገደች እጇን ከክርኗ ላይ አነሳች። ቀስ ብላ ቀረበችና ከማንያህልሻል ክርን ጋር አገጣጠመች። ልማዱ ለአፍታ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ቆየች።

«ይሞቃል እኮ» አለች፤ ብርድ ነበርና።

ሹሙ በማግስቱ ነገሩን ከሕጉ ጋር ለማስታረቅ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ በከተማችን ሁለት ማንያህልሻሎች አሉ፤ አንዷ ለስላሳ፣ አንዷ ሸካራ ብሎ አወጀ። ታንጉት የጎረቤቷን ስም ሳትመልስ ቀረች፤ ማንያህልሻልም አልጠየቀቻትም። ማታ ማታ አሁንም ቅቤና ሰሙን ታቀልጥላታለች። ዘበኛው አንዳንዴ ይበረግጋል፤ ክርኗ ይሰነጠቃል፣ ጥቁር ልብስ ስትለብስ የሚረግፈው ነጭ ነገር ያናድዳታል። እጅጌ ግን አትለብስም።

በበጋ ኮረብታው ላይ ሰንብታ ስትወርድ ቆዳዋ ይጠራል። ያኔ ስመኝ ልጇን አዝላ ጉም ውስጥ ስታገኛት ክርኗን ትነካና ለአፍታ ትጠራጠራለች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?» ትላታለች።

«እኔ ነኝ» ትላለች ማንያህልሻል፤ «ፀሐይ ላይ ቆይቼ ነው።»